ጋሼ ዋለልኝ እና «አድሚትድ» የምትለው ቃል

እንግሊዝኛ ያስተማረኝ ጋሼ ዋለልኝ ነው። አስተማረኝ ማለት ደግሞ ነፍሴን አወጣት ማለት ነው። ያኔ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1996፣ ሁለታችንም ኦስሎ፣ አልናብሩ የሚባለው የጭነት ባቡር ጣቢያ ነበር የምንሠራው። እሱ ከባቡር የሚወርደውን ካርቶን በየአድራሻው ይለያል፣ እኔ ከመጋዘኑ በላይ ያሉትን ቢሮዎች አጸዳለሁ። ቤታችንም ሆልምሊያ የሚባል ሰፈር፣ አንድ ሕንፃ ላይ ነው። ጠዋት በባቡር አብረን እንወርዳለን፣ ከዚያ አውቶቡስ እንይዛለን፣ ስንመለስም እንዲሁ። መንገድ ላይ የቋንቋ ትምህርት ቤት የሰጡኝን የቤት ሥራ ያርምልኛል።

እርማቱ አንድ ነገር ላይ ይጠናል። ሰው የተናገረውን ስጽፍ አስረዳ፣ ገለጸ፣ አሳሰበ የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት ከመዝገበ ቃላት እየለቀምኩ እደረድራለሁ፤ ያማረ መስሎኝ። እሱ ሁሉንም እየሰረዘ በየቦታው ያችኑ አንዲት ቃል ይጽፍልኛል፤ «ሰይድ»። አለ፣ ማለት ነው። በቃ።

«ጋሼ፣ መምህሬ እኮ ቃላት አብዢ ብላኛለች» አልኩት አንድ ቀን።

«ሰውየው ተናገረ አይደል?»

«ተናገረ።»

«እንግዲያው አለ በይና እለፊ። ከአፉ የወጣውን ጻፊ። ሌላውን ከየት አመጣሽው?»

ይህን ሲል ጆሮው ቀላ። ለአንዲት ቃል እንዲህ የሚቆጣ ሰው አይቼ አላውቅም፤ እኔ ራሴ ቁጡ ነኝ፣ ስለዚህ ቁጣ አውቃለሁ። ይሄኛው ሌላ ነገር ነበረው። ጋሼ ዋለልኝ ለሁላችንም ደብረ ዘይት የእንግሊዝኛ መምህር እንደነበር ነግሮናል። ነገር ግን ስለ ትምህርት ቤቱ አንድ ቀን እንኳ አውርቶ አያውቅም። መምህር የነበረ ሰው ደግሞ ስለ ተማሪዎቹ ሳያወራ መኖር አይችልም፤ የኔ አባት መምህር ነበር፣ አውቃለሁ። ያኔ ግን ይህን ነገሬ ብዬ አላሰብኩበትም። ሰውየው በተፈጥሮው መርጋት የማይሆንለት ነው ብዬ ትቼዋለሁ። ባቡር ስንጠብቅ ከጣቢያው ጫፍ እስከ ጫፍ ይመላለሳል። ምሳ ሲበላ እንኳ ቆሞ ነው።

ጉዳዩ የፈነዳው በዕድራችን ነው። ዕድራችን ኦስሎና አካባቢዋ ያለነውን ሐበሾች ይይዛል፤ ሰው ሲሞት አስከሬኑን ወደ አገር ይልካል ወይም እዚሁ ይቀብራል፣ ሐዘንተኛ ቤት ይቀመጣል፣ ያበላል። በሰው አገር ዕድር የሌለው ሰው ምን ማለት እንደሆነ ለአበሻ አይነገርም። በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ፣ ሆልምሊያ ውስጥ ኮሙኑ፣ ማለት ማዘጋጃ ቤቱ፣ የሚያከራየን አዳራሽ ውስጥ እንሰበሰባለን።

የጥቅምቱ ስብሰባ ላይ ጌጤ ተነሣች። ጌጤ የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ የምትሠራ፣ ከቀልድ ጋር የማትተዋወቅ፣ ግን ሐዘን ቤት ቀድማ የምትደርስ ሴት ናት። ኃይለአብ የሚባል ወንድም ነበራት። በ1970 ዓ.ም. ጉለሌ አክስታቸው ቤት ተደብቆ ሳለ መጥተው ወሰዱት፣ ከዚያም ሬሳው እንኳ አልተገኘም። ማን እንደጠቆመበት ጌጤ ያልጠየቀችው ሰው የለም። ከስብሰባው ጥቂት ቀደም ብሎ አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰ ዘመዷ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ የድሮ ጋዜጣ ሲያገላብጥ አንድ ገጽ አግኝቶ ፎቶ ኮፒ አምጥቶላታል። የዚያን ጊዜው የመንግሥት ጋዜጣ ነው፣ የእንግሊዝኛው።

«ያነበበልኝ ልጅ በደንብ አልገባውም» አለች ወረቀቱን ዘርግታ። «አቶ ዋለልኝ፣ እርስዎ መምህር ነዎት። ሁሉም ሰው እንዲሰማ ይተርጉሙልኝ።»

ጋሼ ዋለልኝ ወረቀቱን ተቀበለ። አራቀው፣ አቀረበው። መነጽሩን የረሳ መስሎኝ ነበር፤ መነጽሩ ግን አፍንጫው ላይ ነው።  በመጨረሻ አነበበ።

«‹የሃያ ሁለት ዓመቱ ተማሪ ግርማ ታደገ የሥርዓተ አልበኞች ቡድን አባል መሆኑን... አድሚትድ...›» ጉሮሮውን ጠረገ። «‹ጥፋቱን አመነ። ያለ ምንም ግፊትም የግብረ አበሮቹን መደበቂያ አጋለጠ።›» ወረቀቱን መልሶላት ቁጭ አለ፤ ወዲያው ደግሞ ተነሥቶ ቆመ።

አዳራሹ ውስጥ ያለው አንገት ሁሉ ወደ በሩ ዞረ፤ ግርማ ታደገ እዚያ ተቀምጦ ነበርና። ግርማን የማያውቅ የለም። ሲከየም በሚሉት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሽማግሌዎችን እያጠበ፣ እያለበሰ የሚኖር፣ ሚስት ያላገባ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ስድስት ዓመት በዕድሩ ውስጥ ወንበር የሚደረድረውም የሚያነሣውም እሱ ነው። የጌጤ እናት አገር ቤት ያረፉ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ከቤቷ አልወጣም፤ ድስት ሳይቀር ያጠበላት እሱ ነው። ጌጤ አሁን ያን ሁሉ ደግነት በሌላ ዓይን አየችው።

«ወንድሜ የተወሰደው ይህ ጋዜጣ ከመውጣቱ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ነው» አለች። «ከዚህ ሰው ጋር በአንድ ዕድር አልቆጠርም። ወይ እሱ፣ ወይ እኔ።»

ሊቀመንበራችን አቶ አበጋዝ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። «አቶ ግርማ፣ የሚሉት አለዎት?» ብለው ጠየቁ።

ግርማ ብድግ አለ። «ጋዜጣው የሚለውን ሰማችሁ» አለ፣ ተቀመጠ። ሌላ ቃል አልወጣውም። አንዳንዱ ጥፋተኛ ስለሆነ ነው አለ፣ አንዳንዱ ንቆን ነው አለ። እኔ ደግሞ ተናደድኩበት፤ ሰው ስሙ በአደባባይ ሲጠፋ እንዴት ዝም ይላል? ለሁለት ሳምንት ተቀጠረና ግርማ ከዕድሩ ይውጣ አይውጣ በዚያን ቀን ድምፅ እንዲሰጥ ተወሰነ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጋሼ ዋለልኝ ሰው መሆኑ ቀረ። ሰኞ ለት ለበርገን የተባለውን ካርቶን ወደ ትሮንድሄም ጭኖ አለቃው ጮኸበት። ማክሰኞ አውቶቡሱ ውስጥ አብረን ቆመን ሳለ ከሁለት ፌርማታ በፊት ዘሎ ወረደ፤ ሮጬ ተከተልኩት፤ ለምን እንደወረደ እሱም አያውቅም። የቤት ሥራዬን ብሰጠው መልሶ ሰጠኝ። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም። ረቡዕ በምሳ ሰዓት ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ዕቃ ጫኝ ባቡሮቹ በሚቆሙበት በኩል ሲመላለስ አገኘሁትና መንገዱን ዘጋሁበት።

«ዛሬ ካልነገርከኝ አላሳልፍህም።»

«ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር፣ ጸዳለ።»

«ሆድህማ ፈጀህ። አንተ አልቀህ ሆድህ ብቻ ሊቀር ነው።»

ፈገግ እንኳ አላለም። አልፎኝ መራመድ ጀመረ፣ እኔም ከጎኑ።

«መምህር አልነበርኩም» አለኝ። «ያ ጋዜጣ ላይ ነበር የምሠራው። የእንግሊዝኛው ዴስክ ላይ። ያን ዜና የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ቆምኩ። እሱ አልቆመም፤ እየሄደ ነው የሚያወራው፣ ስለዚህ ሮጬ ደረስኩበት።

«በእኛ ጋዜጣ ሰው እንዲሁ ‹አለ› ተብሎ አይጻፍም ነበር። ‹አለ› ለማን ይበቃል? ባለሥልጣን ከሆነ ዲስክሎዝድ፣ ገለጸ ነው። ከፍ ያለ ባለሥልጣን ከሆነ ስትረስድ፣ አጥብቆ አስገነዘበ። ጠላት አገር ሲናገር ክሌምድ፤ ይላል እንግዲህ፣ ማን ያምነዋል እንደማለት። ገበሬ ከሆነ ፕሌጅድ፣ ቃል ገባ። ምን ቃል እንደገባ ገበሬው ራሱ አያውቅም።»

እኔ ሳቅ አመለጠኝ። እሱ አልሳቀም።

«የታሰረ ሰው ደግሞ አድሚትድ ነው። ጥፋቱን አመነ። ለታሰረ ሰው ሌላ ቃል አልነበረንም።»

«ባያምንስ?»

«ማን ጠየቀው? እኛ ጋ የሚደርሰው ዝርዝር ነው፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ። ተይዟል ይላል፣ ያበቃል። መጀመሪያ ሰሞን ‹ምን እንዳሉ አልተጻፈም› ብዬ ለአለቃዬ አሳየሁት። ሲጋራውን ሳያነሣ ‹የተያዘ ሰው ምን ያደርጋል? ያምናል። ጻፍ› አለኝ። ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ አልጠየቅኩም። እንዲያውም...» እዚህ ላይ እርምጃውን አፈጠነ። «እንዲያውም ‹ያለ ምንም ግፊት› የምትለዋን የጨመርኳት እኔ ነኝ። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ሆኖብኝ። አለቃዬ ወደዳት፣ ከዚያ ወዲያ በሁሉም ላይ አደረግናት።»

ደነገጥኩ። ከድንጋጤው ቀጥሎ ንዴት መጣ።

«ታዲያ እሑድ ለት ወረቀቱ እጅህ ውስጥ ሲገባ ለምን አልተናገርክም?»

«አፌ ተሳሰረ።»

«አልተሳሰረም! ተርጉመሃል እኮ! ያን ሰውዬ ያኔ በእንግሊዝኛ ገደልከው፣ አሁን ደግሞ በአማርኛ።»

ፊቱ አመድ መሰለ። ያን ቃል ዛሬም ሳስታውሰው ያሳፍረኛል፤ ምላሴ ከኔ ቀድሞ ነው የሚሮጠው። እሱ ግን አልተቆጣኝም። «ልክ ነሽ» ብሎኝ ወደ ካርቶኖቹ ተመለሰ።

የቀሩት ቀናት ለሁለታችንም ሲኦል ነበሩ። ጠዋት «እናገራለሁ» ይለኛል፣ ስንመለስ «ማን መንገድ ላይ ሰላም ይለኛል?» ይለኛል። የደርግ ጋዜጠኛ ነበር መባል ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ አዳራሹ ውስጥ ወንድም ወይም ባል ያልተወሰደበት ሰው በጣት ይቆጠራል። ካርቶን ቀድዶ ንግግር ይጽፍበታል፣ ያነብልኛል፣ ይቀድደዋል። ግርማን ጣቢያው ላይ ሲያየው ከምሰሶ ጀርባ ይሸሸጋል። የግርማ ሕንፃ ከእኛው ሕንፃ ፊት ለፊት ነው፤ ጋሼ ዋለልኝ መጋረጃውን ከዘጋ ሳምንት አልፎታል። «ዓይኑን ማየት አልችልም» ይለኛል። እኔም ወጥሬ ይዤዋለሁ፤ ተናገር፣ ተናገር፣ ሰውየው ንጹሕ ነው፣ ይህን የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ። አንድ ቀን እንኳ ሌላ ነገር እንድንሞክር አልመጣልኝም። እንደ ጅል አንድ በር ብቻ ነበር የምንገፋው።

እሑድ ደረሰ። ዝናብ ነበር፤ አዳራሹ እርጥብ ካፖርት እርጥብ ካፖርት ይሸታል። ጌጤ ፊት ለፊት፣ ግርማ እንደ ልማዱ በሩ አጠገብ። አቶ አበጋዝ የድምፅ መስጫውን ወረቀት ሊያድሉ ሲሉ ጋሼ ዋለልኝ ብድግ አለ። ካርቶን አልያዘም።

«ይህን ዜና የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ።

መጀመሪያ የገባው ሰው አልነበረም። ቀጥሎ ሁሉንም ተናገረ፤ ደብረ ዘይት እንዳላስተማረ፣ ዴስኩ ላይ ስንት ዓመት እንደሠራ፣ ዝርዝሩ እንዴት እንደሚመጣ፣ አለቃው ያለውን፣ «ያለ ምንም ግፊት» ከማን ጣት እንደወጣች። አዳራሹ ታመሰ። ሐብታሙ የሚባል፣ ሁለት ወንድሞቹ የተገደሉበት ታክሲ ነጂ፣ ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!» አለ። «ያኔ የት ነበርክ?»

«ጋዜጣው ላይ ነበርኩ» አለ ጋሼ ዋለልኝ። «የፈለጋችሁትን በሉኝ፣ ይገባኛል። ከዕድሩም አውጡኝ። ግን በኔ ቃል በዚህ ሰው ላይ አትፍረዱበት። ዓይኑን አላየሁም፣ ድምፁን አልሰማሁም። አመነ ብዬ የጻፍኩት ውሸት ነው። ግርማ ምንም አላመነም፣ ማንንም አላጋለጠም።»

 ከኋላዬ አንዲት ሴት «እሰይ፣ ተመስገን» አለች። እኔ እንባዬ መጣ፤ የጋሼ ዋለልኝ ትከሻ ሲወርድ አየሁት፣ አሥራ አራት ቀን ሙሉ ጆሮው ድረስ የወጣ ትከሻ። ጌጤ ወረቀቷን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። አንዳንዱ ሰው ግርማን ለመጨበጥ መነሣት ጀምሮ ነበር።

ግርማ የዘረጉለትን እጅ አልተቀበለም። ቀስ ብሎ ወደ መሐል መጣ።

«ጋሽ ዋለልኝ፣ አላመነም ብሎ ማን ነገረዎት?» አለ።

ጋሼ ዋለልኝ መነጽሩን አወለቀ።

«ፊት ለፊት ነው የምንኖረው። ሁለት ሳምንት ሙሉ በሬን አንኳኩተው አልጠየቁኝም። ያኔም ሳይጠይቁኝ ጻፉ፣ ዛሬም ሳይጠይቁኝ ተናገሩ።»

 እኔም አልጠየቅኩትም፤ ሂድና ጠይቀው ብዬም አልመከርኩም። በየቀኑ ያው ጣቢያ ላይ እየቆምን። ሳያይ የጻፈው ሁሉ ውሸት መሆን አለበት ብሎ ነው ጋሼ የደመደመው፣ እኔም ከሱ ብሼ አመንኩት።

ግርማ ወደ ጌጤ ዞረ። «እንዲህ ያለ ሰው በአደባባይ ራሱን አዋርዶ ነጻ ካወጣኝ በኋላ ዝም ብዬ ልቀመጥ አልችልም። ስድስት ዓመት ልነግርሽ ስል ኖሬያለሁ። በሦስተኛው ቀን ተናገርኩ። ‹ያለ ምንም ግፊት› የምትለዋ ብቻ ናት ውሸት።»

ጌጤ ከወንበሯ አልተነሣችም። «ምን አልካቸው?» አለች። «እንዳልከው አድርገህ ንገረኝ። ቃል ሳትጨምር።»

«‹ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር› አልኩ። ይህን ብቻ። ስም አልጠራሁም። ስም አላስፈለጋቸውም።»

«ሰማያዊ ነበር» አለች ጌጤ፣ ለራሷ እንደምትነግር። «ወንድሜ ነበር የቀባው፣ ለፋሲካ።»

 ግርማ መሬት መሬት ያያል። ሐብታሙ እንኳ ተቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ይዟል። አቶ አበጋዝ የድምፅ መስጫውን ወረቀት በእጃቸው እያገላበጡ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ጠፋቸው።

«እንግዲህ... ወይዘሮ ጌጤ፣ ድምፁን እናስኬድ?» አሉ።

«የምን ድምፅ?» አለች። «ከዝርዝሩ እንዳታወጡት።»

«ይቅር አልሽው ማለት ነው?» አለ ሐብታሙ፣ ቀና ብሎ።

«ማን ይቅር አለ? አልወጣኝም!» ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «የትም እንዳይሄድብኝ ነው። እናቴ ይህን ሳትሰማ ሞተች። አሥራ ስምንት ዓመት ስጠይቅ አንድ ነገር የመለሰልኝ ሰው ዛሬ ገና አገኘሁ። አብረው ታስረው እንደሆነ፣ አይቶት እንደሆነ፣ ምን ለብሶ እንደነበር... ገና ምን ጠየቅኩት?»

ጋሼ ዋለልኝ ካፖርቱን ከወንበሩ ላይ አንሥቶ ወደ በሩ መራመድ ጀምሮ ነበር። ልከተለው ስነሣ ጌጤ አየችው።

«አንተ! የት ልትሄድ ነው?» አለችው፤ እርስዎነቱ ቀርቶ። «ተቀመጥ። ሳትሰማ የጻፍከውን አሁን ስማ።»

ካፖርቱን እንደያዘ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጌጤ ወንበሯን ጎትታ ከግርማ ፊት አስጠጋች፣ ለሱም ሌላ ወንበር በእግሯ ገፋችለት።

«ከተያዝክበት ቀን ጀምር» አለችው።

ግርማ ተቀመጠ፣ ጀመረ።